ሌባ ሆኖ የተወለደ ማን ነው? ስለ ወንጀል መንስኤ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው አመሻሽ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ ስልካቸውን ተመንትፈዋል። የመነተፋቸው ልጅ ሲያዝ በዚያው ጥፋት ታስሮ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ተናደዱ። ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። ንዴታቸው ሳይበርድ ግን ብዕር አነሱና ስለ ወንጀልና የወንጀልን መንስኤ ስለሚያጠናው የክሪሚኖሎጂ ትምህርት አምስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ክሪሚኖሎጂ ለወንጀለኛ ሰበብ የሚፈልግ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ ወንጀለኛ ከእናቱ ሆድ ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል። ሦስተኛ፣ የቀረውን ርሃብ ያመጣዋል፤ ድህነት ሲጠፋ ሌባም ይጠፋል። አራተኛ፣ ቅጣቱ ቢከብድ ማንም አይደፍርም። አምስተኛ፣ አንዴ የገባበት አይመለስም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ገና ያልገቡትን ልጆች እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራት ነው።

እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩ ሰው ነኝ። ስጀምረው ዘመድ ሁሉ «ፖሊስ ልትሆን ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የጸሐፊው ጥርጣሬ አልገረመኝም። በየነጥቡ ልመልስላቸው። ዓመቶቹ፣ የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰበብ መፈለጊያ ነው» በሚለው ብዙ አልቆይም። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የራሳችን የወንጀል ሕግ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ዓላማው ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል መሆኑን ይናገራል። ቅጣት የሚመጣው ማስጠንቀቂያው ሳይበቃ ሲቀር ነው። ታዲያ ከየት እንደሚመጣ ያላወቁትን ነገር እንዴት ይከላከሉታል? ደግሞም ለምን ሰረቀ ብሎ መጠየቅና መስረቁ ልክ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። ዳኛም ቅጣት ሲወስን ማቅለያና ማክበጃ ምክንያት ይመዝናል፤ ለወንጀለኛ ወገነ የሚለው የለም። ይህ ትምህርት ለለዘብተኞች ያደላል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ። ደግ ሰዎችን ያሳፈረ ውጤትም አለው።

ሁለተኛው ነጥብ የእባብ ልጅ ያው እባብ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ ብቻቸውን አይደሉም። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1876 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ብሏል። የአንድ ሽፍታ የራስ ቅል ሲመረምር ነገሩ እንደ ብርሃን በራልኝ ይላል። እሱ እንደሚለው ወንጀለኛ ማለት ወደ ጥንታዊ አውሬነት የተመለሰ ሰው ነው። በመንጋጋው፣ በግንባሩ፣ በጆሮውና በክንዱ ርዝመት ይለያል። ሎምብሮሶ ብዙ እስረኛ ለክቷል። ያላደረገው ነገር፣ እስር ቤት ውስጥ ያየውን ጆሮ ውጭ ካለው ጆሮ ጋር በቅጡ ማስተያየት ነው።

ያን ያደረገው ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ የእስር ቤት ሐኪም ነው። 3,000 ያህል እስረኞች ተለኩ። ከዚያ ከወታደሮችና ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር አነጻጸራቸው። በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር አላገኘም። እስረኞቹ በቁመትና በክብደት ትንሽ ያንሱ ነበር እንጂ የአውሬ ምልክት የሚባለው ነገር አልነበረባቸውም። ዛሬም ግን «ፊቱን አይተህ አትለየውም እንዴ?» የሚል ሰው ሞልቷል። ሎምብሮሶ ሞቶም ታክሲ ውስጥ አብሮን ይሳፈራል።

የዘር ድርሻ ባዶ ነው አልልም። ዴንማርክ ውስጥ በጉዲፈቻ ባደጉ ከ14,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ1984 ታትሟል። ጥያቄው ግልጽ ነበር። ልጁ የሚመስለው የወለዱትን ነው ወይስ ያሳደጉትን? የወለዱትም ያሳደጉትም ካልተፈረደባቸው ወንዶች መካከል 13.5 በመቶው ተፈርዶባቸው ተገኙ። ከወላጆቻቸው ተፈርዶበት የነበረ ካለ ደግሞ፣ ያሳደጓቸው ሰዎች ንጹሕ ሆነውም፣ ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ። ልዩነት አለ። ግን ያን 20 በመቶ ገልብጠው ያንብቡት። የወለደው ሰው ወንጀለኛ ከሆነበት ልጅ ከአምስቱ አራቱ አንድም ጊዜ አልተፈረደበትም። ይህ የእባብ ልጅ አይመስለኝም። ልዩነቱም የታየው በስርቆትና በመሳሰሉት ላይ ነው፤ በጠብና በግድያ ላይ አልተገኘም።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ የቺካጎው ሥራ ነው። ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ፍርድ ቤት የቀረቡ ልጆችን የመኖሪያ አድራሻ ለዓመታት በካርታ ላይ ነጠብጣብ እያደረጉ አስቀመጡ። ከከተማው መሃል አጠገብ ያሉት ሰፈሮች ሁልጊዜ በነጠብጣብ የተሞሉ ነበሩ። ሰፈሮቹ ውስጥ መጀመሪያ የኖሩት ጀርመኖች፣ አየርላንዶችና ስዊድኖች ናቸው። እነሱ ኑሯቸው ሲሻሻል ወጡና ፖላንዶችና ጣሊያኖች ገቡ። ነዋሪው ተለወጠ፤ ነጠብጣቡ ግን እዚያው ቀረ። የወጡት ሰዎች ልጆች ደግሞ አዲሱ ሰፈራቸው ገብተው እንደ አዲሱ ሰፈር ልጅ ሆኑ። ነገሩ በደም የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ጓዛቸውን ጭነው ሲሄዱ አብሯቸው በሄደ ነበር። እገሌ የሚባል ብሔር ወይም እገሌ የሚባል ሰፈር ልጅ እንዲህ ነው እያሉ ለሚጽፉ ሁሉ ይህን ካርታ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ኤድዊን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1939 ነገሩን ወደ ሐሳብ ቀየረው። ወንጀል እንደ ማንኛውም ሥራ ከሰው የሚለመድ ነው አለ። ዘዴውም፣ «ምን አለበት?» የሚያሰኘው ሰበብም የሚገኘው ከቅርብ ጓደኛ ነው። የእኛ ሰው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ድህነት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይጋጫሉ። ተወልዶበት ከሆነ ዳቦ አይመልሰውም። ዳቦ የሚመልሰው ከሆነ ደግሞ አልተወለደበትም። ቢሆንም ድህነት የወንጀል እናት ነው የሚለውን ብዙ ቅን ሰው ስለሚያምነው በቁም ነገር ልውሰደው።

አንድሬ ሚሼል ጌሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1833 የአገሩን የወንጀል ካርታ አሳተመ። ሁሉም የጠበቀው ድሃው ክፍለ አገር በሌባ ተሞልቶ እንዲያገኝ ነበር። የንብረት ወንጀል በዝቶ የተገኘው ግን ሀብታም በሆነው በሰሜኑ በኩል ነው። ሲያስቡት አይገርምም። የሚሰረቅ ነገር ያለው እዚያ ነዋ! በእኛው ዘመንም ከ2008 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች ከሥራ ሲወጡ ወንጀል ሊያሻቅብ ነው ተባለ። ወንጀሉ ግን መውረዱን ቀጠለ።

ከሁሉ በላይ ግን የሴቶች ነገር አለ። በድህነት የሚጎዱት እነሱ አይደሉም እንዴ? ልጅ ታቅፋ የምታድር፣ እንጨት ተሸክማ የምትውል፣ በሰው ቤት የምትሠራ እሷ ናት። በዓለም ላይ ከታሰረው ሰው ውስጥ ግን ሴቶቹ 10 በመቶ አይሞሉም። ርሃብ ብቻውን ሌባ የሚያደርግ ቢሆን እስር ቤቱ የሚሞላው በእናቶች ነበር።

የጠገበውስ? ሰዘርላንድ በ1949 ያወጣው ሥራ ላይ 70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምሯል። ፍርድ ቤቶችና የመንግሥት አካላት በእነዚህ 70 ድርጅቶች ላይ 980 ውሳኔ ሰጥተው አገኘ። በማታለል ማስታወቂያ፣ በዋጋ መመሳጠር፣ የሰው ፈጠራ በመስረቅ። አንድም ንጹሕ አልተገኘም። አሳታሚው ክስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አስወጣው፤ ሙሉው ጽሑፍ የታተመው በ1983 ነው። እነዚህ ሰዎች ርቧቸው አልነበረም። እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰውም ስለ ድሃ አላወራም። ጸሐፊው ስለ ስልክ መንታፊ አምስት ነጥብ ጽፈው በጨረታና በመሬት ላይ ስለሚበላው አንድ መስመር አለመጻፋቸው የእሳቸው ብቻ ጥፋት አይደለም። የሁላችንም ዓይን ወደ ፌርማታው ነው የሚያየው።

እንዲህ ስል ኑሮ ምንም አያገባውም ማለቴ አይደለም። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋባቸው አገሮች ነፍስ ግድያ ይበዛል። ቺካጎ ላይም ነጠብጣቡ የበዛው ድህነት፣ የነዋሪው ቶሎ ቶሎ መለዋወጥና የጎረቤት አለመተዋወቅ አንድ ላይ በተገናኙበት ነው። ድህነቱ የሚሠራው ከሌላ ነገር ጋር ተጋግዞ ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ። ጽሑፉ በጣም የተወደደው በዚህ ክፍሉ እንደሆነ አይቻለሁ። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ልጅ ሆነን የሰማነውን የእንቁላሉን ተረት ነው። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለች። ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ ፍየል፣ ከዚያ በሬ ሰረቀ። ሊሰቀል ሲል «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት። ጥሩ ተረት ነው፤ ግን እስኪ እንደገና ስሙት። ልጁ እናቴ አልገደለችኝም ብሎ አላዘነም። ያዘነው በጊዜው ባለመቆጣቷ ነው። በእንቁላሉ ቀን አንድ ቁጣ ይበቃው ነበር። ተረቱ ውስጥ ከባድ ቅጣትም አለ፤ እሱም ገመዱ ነው፤ ልጁ ግን ገመድ እንዳለ እያወቀ በሬውን ነድቷል።

ቼዛሬ ቤካሪያ የተባለ የሚላኖ ሰው በ1764 የተከራከረው ይህንኑ ነው። ሰውን የሚመልሰው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አለማምለጡ ነው። ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም የማይቀር ከሆነ ይፈራል። እንግሊዞች በዚያው ዘመን የተገላቢጦሹን ሞከሩ። ከ200 በላይ ጥፋቶች በሞት ያስቀጡ ነበር። ኪስ ማውለቅ ሳይቀር እስከ 1808 ድረስ ያሰቅል ነበር። ምን ሆነ? ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ ስለሚያስገድል፣ ለመፍረድ የተቀመጡት ነዋሪዎች የተሰረቀው ዕቃ 39 ሺሊንግ ነው የሚያወጣው እያሉ ይወስኑ ጀመር። ሰው በጨርቅ ምክንያት ሲሰቀል ማየት ከበዳቸው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር የሚቀጣው ሰው አነሰ። በ1830 የባንክ ባለቤቶች ራሳቸው ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራ ሰው በሞት መቀጣቱ ይቅርልን ብለው ለፓርላማ አቤት አሉ። ለአጭበርባሪ አዝነው አይደለም። ሞት ስላለበት የሚፈርድ ጠፍቶ ንብረታችን ሳይጠበቅ ቀረ ነው ያሉት። ይህን የሚሉት ባለባንኮች ናቸው እንግዲህ።

«ድሮ እኮ እጅ ይቆረጥ ነበር» ይላሉ ጸሐፊው። ነበር። ግን በዚያው በድሮው ጊዜ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓትም ነበር። ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም። ካልተገኘ ሁሉም ይቀጣል። እጅ መቁረጥ ሌባን አጥፍቶ ቢሆን አገሩ ሁሉ ሥራ ፈቶ ለምን ይቀመጥ ነበር? አያቶቻችን ዋናው ጭንቀት ማን እንደሆነ ማወቅ መሆኑን ገብቷቸዋል። አውጫጭኝ ላይ ንጹሕ ሰውም ይጎዳ እንደነበር አውቃለሁና ይመለስ አልልም።

ለዘመናዊ ማስረጃ ደግሞ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንሳል ወይ የሚሉ የሦስት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን አገላብጦ ነበር። ድምዳሜው አጭር ነው። እነዚህን ጥናቶች ይዞ ይቀንሳልም አይቀንስምም ማለት አይቻልም፤ ሕግ አውጪም አይደገፍባቸው። ስለዚህ «የተረጋገጠ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተረጋገጠበትን ቦታ ያሳየን።

ቅጣትን ሳይነኩ ወንጀል መቀነስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ አንዳንዴም ማንም ሳያስበው። ምዕራብ ጀርመን በ1980 ሄልሜት ሳያደርግ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ላይ መቀጫ ጣለች። የታሰበው ለራስ ቅል ደኅንነት ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን የሞተር ሳይክል ስርቆት ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ብዙው ሌባ የሚሰርቀው ሞተር ቆሞ ሲያይ በዚያች ቅጽበት ነዋ። ሄልሜት ይዞ አልመጣም፤ ሳያደርግ ቢነዳ ደግሞ ፖሊስ ወዲያው ያስቆመዋል። ሞተሩ ያመለጣቸው እነዚያ ሰዎች በሙሉ ወደ መኪናና ብስክሌት ስርቆት አልዞሩም። የአዲስ አበባ ባለመኪና ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥሩን የሚያስቀርጸው በዚሁ ሐሳብ ነው። የሌባውን አመል ሊያርም አይደለም፤ ስፖኪዮው ገበያ ላይ እንዳይሸጥ ነው። ይህ ልምድ ስለ ሌባ ደም ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ወንጀል እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

የመጨረሻው ነጥብ አንዴ የገባበት አይመለስም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በ1945 ተወልደው ፊላደልፊያ ውስጥ ያደጉ 9,945 ወንዶች ልጆች መዝገብ ሲመረመር፣ 627ቱ ብቻ ከጠቅላላው ጥፋት ከግማሽ በላይ ፈጽመው ተገኙ። ከመቶ ስድስት መሆናቸው ነው። ጸሐፊውን የመነተፈው ልጅ ከእነዚህ ዓይነቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላውንም ግማሽ ይመልከቱ። ከእነዚያ ልጆች ሲሶው ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፖሊስ ጋር ተገናኝቷል። ከተገናኙትም ግማሽ ያህሉ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ማንም ሳያርማቸው ተዉት። በየአገሩ የሚታየው ይኸው ነው። ጥፋት በአፍላነት ይወጣል፤ ከሃያዎቹ መጀመሪያ በኋላ ይወርዳል።

አስቸጋሪ የሚባሉትስ? ሼልደንና ኤሌኖር ግሉክ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ቦስተን አካባቢ ከጠባይ ማረሚያ 500 ልጆች፣ ከውጭ ደግሞ የሚመሳሰሏቸው 500 ልጆች ወስደው ለዓመታት ተከታትለዋል። ወረቀቱ በኋላ ተረሳ። ጆን ላውብ በ1980ዎቹ ውስጥ በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ካርቶኖቹን አገኘና ከሮበርት ሳምፕሰን ጋር እንደገና አነበባቸው። አልፈውም የቀድሞዎቹን አጥፊ ልጆች ሽማግሌ ሆነው ፈልገው አነጋገሯቸው። እስከ 70 ዓመታቸው ያለው መዝገብ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ሁሉም፣ በጣም የከፉት ሳይቀሩ፣ ይዋል ይደር እንጂ ቀንሰዋል። ያቆሙት ምን እንዳገኙ ሲታይ ጥሩ ትዳር፣ ቋሚ ሥራ፣ ከሰፈር የሚያርቅ ውትድርና ነው። በልጅነታቸው ግን ማን እንደሚያቆም ለይቶ መናገር አልተቻለም። ወንጀለኛ የሚባል ለብቻው የተፈጠረ ሰው ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። ያለው በሆነ ዕድሜ፣ በሆነ ጓደኛ መካከል፣ በሆነ አጋጣሚ ወንጀል የሚፈጽም ሰው ነው። ብዙ ጊዜም ያቆማል።

አሁን እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራት ወደሚለው ልምጣ። መጀመሪያ ደግ ሰዎችን ያሳፈረ ያልኩትን ልንገራችሁ። ሪቻርድ ካቦት የተባለ ሐኪም ቦስተን አጠገብ፣ ካምብሪጅና ሶመርቪል በሚባሉ ከተሞች ለችግር የተጋለጡ ልጆችን የሚረዳ ፕሮግራም አቋቋመ። ከ1939 እስከ 1945 ልጆቹ አማካሪ ተመደበላቸው። ትምህርት ታገዙ፣ ታከሙ፣ በበጋ ካምፕ ተላኩ። ካቦት ብልህ ስለነበር ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ሳንቲም እየተወረወረ አንዱ ይረዳ፣ አንዱ ይቅር አለ። ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ፈልጋ ብታገኛቸው ከተረዱት መካከል ብዙዎቹ ረድቶናል አሉ። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። ከተረዱት ውስጥ ወንጀል የደገመው፣ አልኮል የተጠናወተውና ቀድሞ የሞተው ካልተረዱት ይበልጥ ነበር። ማኮርድ ይህን በ1978 ስታሳትም ብዙ ሰው ተቆጣት። ሳንቲሙ ባይወረወር ኖሮ ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ ይመሰገን ነበር።

ማስፈራራቱም እንዲሁ ተሞክሯል። በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራህዌይ በሚባለው እስር ቤት ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ልጆችን ተቀብለው ይጮኹባቸው፣ እዚህ ስትገቡ ምን እንደሚደርስባችሁ ይነግሯቸው ነበር። ልጆቹ እያለቀሱ ሲወጡ በቴሌቪዥን ታየ፤ አገሩ ሁሉ ወደደው፤ ሌሎች ግዛቶችም ቀዱት። ከዚያ በዕጣ እየተለዩ የገቡና ያልገቡ ልጆች የተነጻጸሩባቸው ጥናቶች ተሰበሰቡ። እስር ቤቱን የጎበኙት ልጆች ካልጎበኙት የበለጠ ጥፋት ፈጽመው ተገኙ። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ወላጆች ልጆቻቸውን ለዚህ ጉብኝት እንዲያስመዘግቡ ጠይቀዋል። የማንንም ልጅ ስም ከመጻፋቸው በፊት ይህን የራህዌይ ውጤት ለወላጆቹ ያንብቡላቸው።